ክሌፕ፦ ክፍል ሳይገቡ ኮርስ ማለፍ

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአብዛኛው የሚያሳልፈው ሊማር ከመጣው ሙያ ጋር እምብዛም በማይገናኙ ኮርሶች ነው። ነርስ መሆን የሚፈልገውም፣ ሒሳብ ሠራተኛ መሆን የሚፈልገውም ታሪክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አልጀብራ፣ የመንግሥት አወቃቀር ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ኮርስ ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ይመላለሳል። ከእነዚህ ኮርሶች ብዙዎቹን ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰው መጽሐፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ አጥንቶ፣ በአንድ የ90 ደቂቃ ፈተና ሊጨርሳቸው እንደሚችል ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ሲነገረውም ማጭበርበሪያ ይመስለዋል።

ማጭበርበሪያ አይደለም። ፈተናው ክሌፕ ይባላል፤ የሚያዘጋጀው ኤስኤቲ የተባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ከ1967 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ ዛሬ በ34 የትምህርት ዓይነቶች ይሰጣል፤ ከ2,900 በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። የአንዱ ፈተና ዋጋ ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ፈተናው የሚሰጥበት ጣቢያ የራሱን ጥቂት ክፍያ ይጨምርበታል። ተፈታኙ የት እንደተማረ፣ ከማን እንደተማረ፣ ጭራሽ ተምሮ እንደሆነም የሚጠይቀው የለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 ደጁን ላልረገጡ ሰዎች ሁሉ ፈተናውን ከፍቷል፤ ኔልሰን ማንዴላም እስር ቤት ሆነው የዚያኑ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት በዚሁ መንገድ ተከታትለዋል። በእኛም አገር ማትሪክን በግል ተፈታኝነት የወሰደ ስንት ሰው አለ! ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ በኩራዝ አጥንቶ ያለፈ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ክሌፕን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ብዙ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ነገር ግን አንድ መሰናክል አለ፤ እሱም ሃምሳ የምትባለዋ ቁጥር ናት።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሃምሳን በደንብ ያውቃታል። ከመቶ ሃምሳ ያመጣ አለፈ፣ አርባ ዘጠኝ ያመጣ ወደቀ። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር የደነገጠው፣ ይህች ቁጥር በሰው ልብ ውስጥ የያዘችው ቦታ ትልቅ ስለሆነ ነው። ክሌፕም፣ እንዳጋጣሚ፣ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ኮሌጆች ለክሬዲት የሚያስፈልገውን ነጥብ የሚወስኑት ራሳቸው ቢሆኑም፣ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ለአብዛኞቹ ፈተናዎች የሚመክረው 50 ነው። ስለዚህ አንዱ ይሰማና «ግማሹን ከመለስኩማ በቂ ነው» ብሎ መጽሐፉን ሳይጨርስ ይሄዳል። ሌላው ውጤቱ ከ80 እንደሚሰጥ ይሰማና 50ን ለ80 አካፍሎ «62.5 በመቶ ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የክሌፕ ነጥብ በመቶኛ አይቆጠርም። መለኪያው ከ20 ይጀምርና 80 ላይ ያበቃል። አንድም ጥያቄ ያልመለሰ ሰው እንኳ 20 ይሰጠዋል፤ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ 50 ከየት መጣ? የየትምህርቱ መምህራን ከተለያዩ ኮሌጆች ተሰብስበው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። የሚያስቡት አንድ ተማሪን ነው፤ ይህን ኮርስ ክፍል ገብቶ ተምሮ በመጨረሻ «ሲ» ያገኘውን። ይህ ተማሪ ከጥያቄዎቹ ስንቱን ይመልሳል? ተማሪው ይመልሳል ብለው የተስማሙበት ብዛት፣ ምንም ያህል ቢሆን፣ መለኪያው ላይ 50 የሚለው ቦታ ይሰጠዋል። የአልጀብራው 50 እና የሳይኮሎጂው 50 እኩል ብዛት ያለው ትክክለኛ መልስ አይጠይቁም ማለት ነው።

በዚህም አያበቃም። የአንዱ ትምህርት ፈተና ብዙ ኮድ አለው፤ አንዱ ኮድ ከሌላው ጥቂት ይከብዳል ወይም ይቀላል። ከባዱ የደረሰው ሰው እንዳይጎዳ፣ ቀላሉ የደረሰውም እንዳይጠቀም ነጥቡ በስሌት ይስተካከላል። በየፈተናው መካከል ደግሞ ለወደፊት የሚሞከሩ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል፤ ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። እንግዲህ ከፈተና ወጥቶ «አርባ ተሳስቻለሁ፣ ስንት አገኛለሁ?» ብሎ በጣት መቁጠር ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን አስፈለገ? ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እውነተኛ ስለሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖር አንዲት ወጣት ያውቃል፤ ሁለተኛ ደረጃን ሳትጨርስ የሳይኮሎጂ መግቢያን ክሌፕ ወስዳ 53 አገኘች። አባቷ ወረቀቱን ተቀብለው አዩና፣ «ሃምሳ ሦስት? ምን ሆነሽ ነው ልጄ? አንቺ እኮ ዘጠና የለመድሽ ነሽ!» አሏት። ልጅቱ አንድ ሙሉ የኮሌጅ ኮርስ፣ ሦስት ክሬዲት፣ በእጇ ይዛ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ የሚላት ጠፍቶ አንገቷን ደፍታ ሰነበተች። በዚያች ወረቀት ላይ ያለው 53፣ ኮርሱን በወጉ ካለፈው የኮሌጅ ተማሪ አታንስም ማለት ነው። ከዚያም በላይ ኮሌጆች በአብዛኛው ክሬዲቱን የሚመዘግቡት ያለ ፊደል ውጤት ነው፤ 53 ያገኘችውም 75 ያገኘውም እኩል ሦስት ክሬዲት ይጻፍላቸዋል፤ ጂፒኤው አይነካም።

ከዚህ የሚከተል አንድ የአጠናን ምስጢር አለ። ፈተናው የሚፈልገው ሰፊ እውቀት ነው፤ ጥልቀቱ መካከለኛ ቢሆን ይበቃል። አንዱን ምዕራፍ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድዶ ሌላውን የዘለለ ሰው ይወድቃል፤ ሁሉንም ምዕራፍ በመጠኑ የተረዳ ያልፋል። ለዚህም ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ለእያንዳንዱ ፈተና ከየርዕሱ ስንት በመቶ እንደሚመጣ የሚናገር ዝርዝር በነፃ ያወጣል። በራሱ ለሚያጠና ሰው ከዚህ ወረቀት የበለጠ ውድ ነገር የለም፤ ከዚህ ወረቀት የበለጠ የሚናቅም የለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ላይ የታየ ነገር እዚህ ቢነገር ያስረዳል። ጠና ያሉ አንድ የታክሲ ሹፌር የአሜሪካ ታሪክ ክፍል አንድን ለመፈተን ሲዘጋጁ ነበር። መሪው ላይ የደገፉት ጥቁር ደብተር በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ ግጥም ብሎ ተሞልቷል፤ ጄምስታውን፣ ፕሊመዝ፣ የትምባሆ ንግድ፣ የየቅኝ ግዛቱ አመሠራረት ከነዓመተ ምሕረቱ። አጠገባቸው የቆመ ወጣት ሹፌር ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ እኮ ከ1790 በፊት ያለው ነው!» አላቸው። እውነቱን ነው። የዚህ ፈተና ዝርዝር እንደሚለው ከ1500 እስከ 1789 ካለው ዘመን የሚመጣው 30 በመቶው ነው። የቀረው 70 በመቶ ከ1790 እስከ 1877 ካለው ነው፤ የጃክሰን ዘመን፣ የባርነት ክርክር፣ የእርስ በርስ ጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ የነበረው መልሶ ግንባታ። ጥያቄው ወደ 120 ነው፣ ጊዜው 90 ደቂቃ፤ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። እኚያ ሰው ጉልበታቸውን ሁሉ ያፈሰሱት ሲሶ በማይሞላው ክፍል ላይ ነበር። ትልቁ ጥፋት የመጽሐፉ አደራደር ነው፤ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል፣ ደክሞት የመጣ አንባቢም ጉልበቱ ሳያልቅ የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን ገጾች ነው። ሰውየው በዚያው ቀን ደብተሩን ዘግተው ሌላ ጀመሩ፤ ከሊንከን ተነሥተው ወደ ኋላ ማንበብ ያዙ።

አልጀብራም እንዲሁ ነው። ከኮሌጅ አልጀብራው ጥያቄ ትልቁን ድርሻ፣ 30 በመቶውን፣ የሚወስደው ስለ ፈንክሽኖች ያለው ክፍል ነው። በአገር ቤት ሒሳብ ጎበዝ የነበረ ሰው ኢኩዌሽን መፍታቱን ተማምኖ ይህን ክፍል ይዘለዋል። ፈተናው በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ ካልኩሌተሩም እዚያው ላይ ያለ ነው፤ የራስን ይዞ መግባት አይቻልም፤ ስለዚህ አጠቃቀሙን ቀደም ብሎ መለማመድ ያሻል።

መጽሐፍ መግዣ ለቸገረው ሰው ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጊ ድርጅት አለ። ለክሌፕ ፈተናዎች የተዘጋጁ ኮርሶችን በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ ኮርሱን ለሚጨርሱትም የፈተናውን ዋጋ የሚሸፍን ቫውቸር ሲሰጥ ቆይቷል። ወታደሮችም ክፍያው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል።

አሁን ጥቂት ወቀሳ። ክሌፕን የሚያማርሩ ሰዎችን ቀረብ ብሎ ላነጋገረ፣ ብዙዎቹ የተጎዱት በፈተናው አይደለም፤ አስቀድመው ባለመጠየቃቸው ነው። ኮሌጅ ሁሉ ፈተናውን ሁሉ አይቀበልም። አንዱ በ50 ይቀበላል፣ ሌላው ከዚያ በላይ ይላል፣ ስመ ጥር ከሆኑትም ጭራሽ የማይቀበሉ አሉ። አንዳንዱ ክሬዲቱን ይቀበልና ለሚፈለገው ኮርስ ምትክ ሳያደርገው እንደ ትርፍ ይመዘግበዋል። ሦስት ወር ሙሉ አጥንቶ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሬጅስትራር የሚሄድ ሰው ቤት ከሠራ በኋላ የመሬቱን ካርታ የሚጠይቅን ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ሬጅስትራር፣ ከዚያ መጽሐፍ። መልሱም በቃል ብቻ ሳይሆን በኢሜይል ይያዝ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ሴሚስተር መመዝገብ የሚገባውን የክሬዲት ብዛት በክሌፕ መሙላት እንደማይችል ይወቅ።

ሌላው ወቀሳ ጥያቄ ባዶ ትተው ለሚወጡት ነው። ክሌፕ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ባዶ የተተወም የተሳሳተም እኩል ናቸው። ያላወቁትን መገመት መብት ነው፣ አለመገመት ኪሳራ ነው። «ያልተማርኩትን እንዴት እመልሳለሁ» የሚል ጨዋነት እዚህ ቦታ የለውም።

ለሐበሻው ማኅበረሰብ ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። ነርሲንግ የሚያስቡ ሰዎች አናቶሚና ፊዚዮሎጂን በክሌፕ እንጨርሳለን ብለው ተስፋ ሲያደርጉ ይሰማል፤ እንዲህ ያለ የክሌፕ ፈተና የለም። የሰው ልጅ እድገትን የሚመለከተው ፈተና ግን አለ፤ ለብዙ የነርሲንግ መርሐ ግብር መግቢያም ይህ ኮርስ ይፈለጋል። ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። ክሌፕ በቋንቋ የሚፈትነው ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛን ብቻ ነው፤ ስፓኒሽ በሚገባ የሚያውቅ ሰው 63 ካመጣ 9 ክሬዲት ድረስ ይመከርለታል። አማርኛ የለበትም። ነገር ግን አክትፍል የተባለው የቋንቋ መምህራን ማኅበር የሚሰጠው የቃል ፈተና በአማርኛም አለ፤ ተፈታኙ ከፈታኙ ጋር በስልክ በአማርኛ ይነጋገርና ደረጃ ይወጣለታል። በዚህ ፈተና ክሬዲት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። ከአገሩ አድጎ የመጣ ልጅ የውጭ ቋንቋ ግዴታውን ለማሟላት ከዜሮ ስፓኒሽ ከመጀመሩ በፊት፣ ይህን አማካሪው ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ ምንም አይጎዳም።

የፈተናው ቀን አጭር ነው። ፎቶ ያለው መታወቂያ ይዞ መቅረብ፣ ስልክን ማስረከብ፣ ኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ። ውጤቱ እንዲላክለት የሚፈልገውን ኮሌጅ ተፈታኙ በምዝገባው ወቅት ቢመርጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይላካል፤ ቆይቶ ቢያስልክ ግን ይከፍላል። ድርሰት ካለባቸው ፈተናዎች በቀር ነጥቡ እዚያው ስክሪኑ ላይ ወዲያው ይወጣል። ያልተሳካለት ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ፈተና ደግሞ መውሰድ ይችላል። ያለፈው ደግሞ ውጤቱ ለ20 ዓመት በኮሌጅ ቦርድ ዘንድ ይቀመጥለታል፤ ዛሬ ልጅ እያሳደገች ትምህርት ያቋረጠች እናት በ2026 ያለፈችውን ፈተና በ2040 ለምትገባበት ኮሌጅ ልታስልከው ትችላለች። ኮሌጁ የሚቀበለው ከሆነ ሬጅስትራሩ ክሬዲቱን በትራንስክሪፕቷ ላይ ይጽፈዋል፤ በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደጻፈው ግን እሷው ራሷ ከፍታ ማየት አለባት፤ ስህተት ካለ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ይታረማል።