ስለ ጓሮ አትክልት በወረታና በፎገራ ሜዳ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፥ ርብና ጉማራ ከደጋ ጠርገው ያመጡት ደለል የተኛበት ስለ ሆነ፥ ለምነቱን የሚክድ የለም። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ የገባው ሩዝም አገሩን አስጠርቶታል። ይሁን እንጂ በወረታ ከተማ ባዶ ጓሮ ይዞ ጎመን ከገበያ የሚገዛ ቤተ ሰብ ስናይ እንገረማለን።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ምክንያት «ዋልካው አትክልት አይወድም» የሚል ነው። በእርግጥ ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል፥ በበጋም ይሰነጣጠቃል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ይኸውም መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ፥ ወርዱን ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲም አለማሳለፍ፥ በመካከሉም ቦይ መቅደድ ነው። በበጋ አፈሩን በደረቅ ሣር ማልበስ እርጥበቱን ይጠብቃል።

ማዳበሪያውም ከቤት አይጠፋም። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ እበቷ ግን ኩበት ሆኖ ከምድጃ ይገባል፥ የመሬቱም ምግብ ጢስ ሆኖ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ከዚያው ጥቂቱን እንኳ አስቀርቶ ከቅጠል፥ ከአረም፥ ከአመድና ከሩዝ ወፍጮ ከሚጣለው ገለባ ጋር በጥላ ሥር ማነባበር፥ ማርጠብና በየ3 ሳምንቱ ማገላበጥ ነው። ገለባው ለመበስበስ ስለሚዘገይ ከሌላው አይብለጥ። ክምሩ በውስጡ ሲግል ብዙውን የአረም ዘር ይገድላል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜም ጥቁር፥ ክፉ ሽታ የሌለው ብስባሽ ይሆናል። የሰው ዓይነ ምድር ግን ፈጽሞ አይጨመርበት፤ የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ጎመን፥ ቆስጣ፥ ካሮትና ዱባ እንዲተከል እንመክራለን። ሲመሽ የልጆችን ዓይን የሚይዘው ዳፍንት የሚመጣው ከቪታሚን ኤ ጉድለት ሲሆን፥ እነዚህ አትክልቶች ይህን ጉድለት ይሞላሉ። ቪታሚኑ በቅባት የሚሟሟ ስለ ሆነ ጎመኑ ጥቂት ዘይት ይግባበት፤ የተቀቀለበትም ውሃ አይደፋ። መምህራን ለየክፍሉ አንድ መደብ ቢሰጡ፥ ልጆቹ ትምህርቱን ከነችግኙ ወደ ቤት ይወስዱታል።

ክሽክሽ የያዘውን ቅጠል በሳሙና ውሃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሜዳው የወባ አገር መሆኑን ግን አንርሳ። ትንኟ በተኛ ውሃ የጣለችው እንቁላል በ2 ሳምንት ገደማ ክንፍ ያለው ትንኝ ይሆናል። ስለዚህ ቦዩ እንዲፈስ ይጠረግ፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ይከደን፥ በየሳምንቱም ተደፍቶ ይታጠብ። በወንዝ ውሃ የለማውን ሰላጣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ለሕፃናት የበሰለውን መስጠት ይሻላል።