ስናርም እንዳናርቅ

«ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። በጤና ሥራ ግን ይህ ተረት አይሠራም። ምክሩን ያልሰማችው እናት ብትሆንም መከራው የሚያርፈው በሕፃኑ ላይ ነውና።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት፣ ከካርቱም በስተደቡብ ካላክላ ቤት ለቤት ስንዞር የሆነውን ላጫውታችሁ። አንዲት እናት አንድ ሙሉ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ተቅማጥ ለያዘው ልጇ ስትሰጥ አገኘኋት። ፓኬቱ የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ውኃው ሲያንስ ተቅማጡ ሊባባስ፣ በልጁ ደም ውስጥ ያለው ጨውም ከመጠን ሊያልፍ ይችላል። ደንግጬ ቡና በሚጠጡት ጎረቤቶቿ ፊት «ልጁን ልትገድዪው ነው እንዴ?» አልኳት። በሳምንቱ በሯን ባንኳኳ አልከፈተችልኝም።

ብዙዎቻችን ትችትን የምናውቀው ከስብሰባ ነው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ»፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ግምገማ» እየተባለ የሰው ጥፋት በሰው ፊት ይቆጠር ነበር። ከዚያ ብዙ ሰው የተማረው መታረምን ሳይሆን መደበቅን ነው። የምትደበቅ እናት ደግሞ ልጇ ሲታመም ወደ ክሊኒክ ለመምጣት ታፍራለች።

ስለዚህ ስታርሙ፦

1. ለብቻዋ ንገሯት።

2. አስቀድማችሁ ጠይቁ። «እህቴ፣ እንዴት አድርገሽ በጠበጥሽው?» በሏት።

3. በትክክል የሠራችውን ጥቀሱ። ሳትዘገይ መስጠት መጀመሯ መልካም ነው።

4. ሥራውን እንጂ ሰውዋን አትንቀፉ። «ግድ የለሽ ነሽ» ሳይሆን «ውኃው አንሷል» በሉ።

5. አሳይታችሁ ራሷ ትበጥብጥ። ሊትር መለኪያ ከሌላት ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ልክ 1 ሊትር ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ።

6. በማግሥቱ ተመልሳችሁ እዩ።

ያቺን እናት በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጠንከር ሲል ቶሎ የሚያድን መስሎኝ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር።

እኛም የጤና ሠራተኞች እንሳሳታለን። ስንሳሳት ስታዩን ጠጋ ብላችሁ ንገሩን።