ነጋሪትና ራዲዮ

ከአሰላ ከተማ በላይ የጭላሎ ተራራ ይታያል። በዚያ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚዘራው የአርሲ ገበሬ በቀድሞ ዘመን ወሬን የሚሰማው በገበያ ነበረ። በዝዋይ በኩል ዝናም እንደ ዘነመ ለማወቅ የወደደ፣ ከዚያ የመጣውን ሰው ፈልጎ ይጠይቀዋል። ያ ሰው ቢዋሽ፣ ከዚያው አገር የመጣ ሌላ ሰው ያርመዋል።

የመንግሥት ቃል ግን በሌላ መንገድ ይመጣ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ተብሎ ዓዋጁ ይነገራል። ነጋሪት ይሰማል እንጂ አይጠየቅም።

ኋላም ጋዜጣና ራዲዮ መጡ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ተጀመረ። ራዲዮም ማንበብ ለማይችለው ሰው ሳይቀር የሩቁን ነገር አቀረበለት። ነገር ግን በራዲዮ የሚናገረውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኃብ ሆነ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ሞቱ። ወሎ ከአሰላ እጅግ የራቀ አገር ነው። መንግሥት ነገሩን ሸሸገው፤ ጋዜጣውና ራዲዮውም በመንግሥት እጅ ነበሩ። የአርሲ ሰው ያልሰማውን እንዴት ያዝንለታል?

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የረኃቡን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የተባለው የወታደሮች ጉባኤ ይህንኑ ሥዕል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በመካከሉ ግን የቤተ መንግሥቱን ግብር አስገባበት። የረኃቡ ሥዕል እውነት ነበረ፤ የግብሩም እውነት ነበረ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖረ እጅ ግን ተመልካቹ ምን እንዲያስብ እንደሚሻ ያውቅ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሥዕሉ ብቻውን አላወረዳቸውም፤ ወታደሮቹ አስቀድመው ቆርጠው ነበርና። የሕዝቡን ልብ ግን አዘጋጀላቸው።

ልጆች ሆይ፣ ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። ደርግ ጋዜጣውንና ራዲዮውን በእጁ አደረገ፤ በ1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል የተባለውንም የራዲዮ ጣቢያ ወረሰ። በ1976 ዓ.ም. በሰሜን ረኃብ እንደ ገና ጸና። ደርግ ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሊያከብር ተሰናድቶ ነበርና ረኃቡን ሸሸገው። የከተማው አደባባይ በሰንደቅ ዓላማ አጌጠ። በኮረም የተሰበሰቡት ረኃብተኞች ሥዕል ለዓለም የታየው ከበዓሉ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ነው፤ ያሳየውም እንደ ፊተኛው ጊዜ የእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ነበረ።