ክሬዲት ስኮር በድንገት ሲወርድ መጀመሪያ የሚታየው መዝገቡ ነው

በ2025 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አሜሪካ ውስጥ ከ2.2 ሚሊዮን የሚበልጡ የተማሪ ብድር ባለዕዳዎች ክሬዲት ስኮር ከ100 ነጥብ በላይ ወርዷል። ከእነሱ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ያጡት 150 ነጥብና ከዚያም በላይ ነው። አኃዙን ያወጣው የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ሁሉ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ድንገት ገንዘብ አባካኝ ሆኖ አይደለም። በኮቪድ ሳቢያ የፌዴራል ተማሪ ብድር ክፍያ ከማርች 2020 ጀምሮ ቆሞ ነበር። በ2023 መገባደጃ ክፍያው ሲመለስም፣ ያልከፈለ ሰው ስሙ ለክሬዲት ቢሮዎች እንዳይተላለፍ እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ እፎይታ ተሰጠ። እፎይታው አበቃ። የዚህ ዓይነቱ ብድር መዘግየት ለቢሮዎቹ የሚነገረው ከ90 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያልከፈሉት ሰዎች መዝገብ ላይ የገቡት በ2025 መጀመሪያ ነው። ነጥባቸውን ያወረደው በዚያ ሰሞን ያደረጉት ነገር አልነበረም።

ለእኔ የክሬዲት ስኮር ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ቁጥሩ የሚሰላው ከመዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ ምን እንደተለወጠ ሳይጣራ የሚወሰድ እርምጃ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያባብሳል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በአትላንታ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ክሬዲቴ ወደቀ» ብለው ሲደነግጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ካርድ መዝጋት፣ ሌላ ካርድ ማመልከት ወይም «ክሬዲት እናስተካክላለን» ለሚል ድርጅት ገንዘብ መክፈል ነው። ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ናቸው።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። ፊኮ የሚባለውን ነጥብ የሚያሰላው በ1956 በቢል ፌርና በኧርል አይዛክ የተቋቋመው ድርጅት ነው፤ ዛሬ አበዳሪዎች የሚጠቀሙበት አጠቃላይ ስኮር የወጣው በ1989 ነው። ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉት ሦስቱ ቢሮዎች በ2006 ቫንቴጅ ስኮር የሚባል የራሳቸውን ተፎካካሪ አወጡ። ስልክ ላይ በነፃ የሚታየው ነጥብ ብዙ ጊዜ ቫንቴጅ ነው፤ የቤት ብድር ሰጪው የሚያየው ግን ፊኮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሰው ነጥብ በሁለት ቦታ ቢለያይ የሚገርም አይደለም። በፊኮ ስሌት 35 ከመቶው ዕዳን በጊዜ መክፈል ነው፤ 30 ከመቶው ያለብን ዕዳ መጠን፣ 15 ከመቶው የመዝገቡ ዕድሜ ነው። የቀረው 20 ከመቶ በአዲስ ብድርና በብድር ዓይነት ስብጥር መካከል እኩል ይካፈላል።

ደመወዝ በስሌቱ ውስጥ የለም። ባንክ ያለ ቁጠባም የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ እቁቡን አንድ ዙር ሳያጓድል የጣለ፣ የቤት ኪራይ አሳልፎ የማያውቅ፣ መኪናውን በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሰው ቢሮዎቹ ዘንድ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ከአገር ቤት ባንክ ጋር የነበረ ጥሩ የብድር ታሪክም ውቅያኖስ አይሻገርም። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ማዕከል የሚያገለግለው የአገር ውስጥ አበዳሪዎችን ነው፤ በዲቪ የሄደ ነጋዴ አሜሪካ ላይ ከዜሮ ይጀምራል። ፊኮ ነጥብ እንዲሰጠው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ ሒሳብ ያስፈልገዋል። ይህን ኢፍትሐዊ ነው የምለው በጣም ታማኝ የሆነውን ከፋይ ስለማያይ ነው። ገና በቅጡ ያልተሞላ መዝገብ ደግሞ በትንሽ ነገር ይናወጣል፤ የእኛ ሰዎች ነጥብ ቶሎ ቶሎ ከፍና ዝቅ የሚለውም በአብዛኛው ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንመልከት። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ነርስ እንውሰድ። ያላት አንድ ክሬዲት ካርድ ነው፣ ጣሪያው 3,000 ዶላር። እናቷ ታመው ወደ አዲስ አበባ ለመብረር በካርዱ የ1,900 ዶላር ቲኬት ቆረጠች። የካርዱ ስቴትመንት በወሩ 12ኛ ቀን ይዘጋል፤ የመክፈያው ቀን ደግሞ የሚቀጥለው ወር 7ኛ ቀን ነው። ነርሷ በ5ኛው ቀን ሙሉውን ከፈለች። አልዘገየችም፣ አንድ ሳንቲም ወለድ አልከፈለችም። ሆኖም ነጥቧ ወረደ። ለምን? ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ለቢሮዎቹ የሚያስተላልፈው ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው። በ12ኛው ቀን መዝገቡ ላይ የታየው ከጣሪያው 63 ከመቶውን የተጠቀመች ሴት ናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ንጹሕ መሆኗን መዝገቡ የሚያውቀው የሚቀጥለው ስቴትመንት ሲዘጋ ነው።

እዚህ ላይ መድኃኒቱ ምንም አለማድረግ ነው። ዛሬም በስፋት የሚሠራበት የፊኮ ስሪት ያለፈውን ወር የካርድ ዕዳ መጠን ስለማያስታውስ፣ በሚቀጥለው ወር ነጥቧ ይመለሳል። በእነዚያ ሳምንታት የቤት ወይም የመኪና ብድር የምትጠይቅ ከሆነ ደግሞ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ዕዳውን መክፈል ነው። ተበሳጭታ ካርዱን ብትዘጋ ግን የ3,000 ዶላር ጣሪያዋን ታጣለች፤ ቀሪ ዕዳ ካለባት ስሌቱ ይብስባታል። አዲስ ካርድ ብታመለክት ጥያቄው ራሱ ጥቂት ነጥብ ይቀንስባታል፤ ሁለት ዓመትም መዝገቡ ላይ ይቆያል። ከጣሪያው 30 ከመቶ አትለፉ የሚባለው ምክር መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን 30 ላይ የተሰመረ መስመር የለም። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል፤ ከ10 በታች ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

የዘገየ ክፍያ ጉዳይ ሌላ ነው። የካርድ ክፍያ ሁለት ቀን ቢያልፍ ቅጣት ያስከፍላል እንጂ ለቢሮዎቹ አይነገርም፤ የሚነገረው 30 ቀን ሲሞላው ነው። ያኔ ዱላው ይከብዳል። ፊኮ ራሱ ባወጣው ምሳሌ 680 ነጥብ ያለው ሰው በአንድ የ30 ቀን መዘግየት ከ60 እስከ 80 ነጥብ ያጣል፤ 780 ያለው ደግሞ ከ90 እስከ 110። ከፍ ያለው የበለጠ ይጎዳል። በማኅበረሰባችን ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በገንዘብ እጦት አይደለም። ሰው ለቅሶ ሊደርስ ወይም ልጅ ሊድር አገር ቤት ሄዶ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፤ ከረሳው ካርድ ላይ የአሥር ዶላር ወርኃዊ ክፍያ ይቆረጣል፤ ደብዳቤው የሚመጣው ማንም በሌለበት ቤት ነው። ሲመለስ 60 ቀን አልፎታል። ከመሄድ በፊት ሁሉም ካርድ ላይ ቢያንስ ዝቅተኛው ክፍያ በራሱ ከባንክ እንዲቆረጥ ማዘዝ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ የዘገየው ክፍያ ግን ሰባት ዓመት መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ጫናው እየቀነሰ መሄዱ እውነት ነው። ዕዳውን 60 እና 90 ቀን ሳይሞላው መክፈል፣ ከዚያም ለዓመታት ታማኝ ለነበሩበት ባንክ ምክንያቱን ገልጾ መዘግየቱን ከመዝገብ እንዲያነሳ በትሕትና መጻፍ ይቻላል። ባንኩ ግዴታ የለበትም፤ አንዳንዱ ግን ያነሳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ኮሳይን፣ ማለትም ለሌላ ሰው ብድር አብሮ መፈረም ነው። የአክስት ልጅ መኪና ሊገዛ ነው፣ ክሬዲት የለውም፤ «አንድ ፊርማ ብቻ» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ይመስለናል። እኛ ከቤተሰብ በለመድነው ዋስትና ባለዕዳው መጀመሪያ ይጠየቃል፤ ዋሱ የሚጠራው እሱ ሲጠፋ ነው ብለን እናስባለን። በአሜሪካ ግን የፈረመ ሰው ራሱ ባለዕዳ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ኮሳይን ያደረገው ላይ መምጣት ይችላል፤ ይህንንም ከፊርማው በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ከ1985 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል። ያ ወረቀት ከብዙ ወረቀት ጋር ይፈረምና ይረሳል። ብድሩ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በፈራሚው መዝገብ ላይም ይገባል፤ ተበዳሪው አንድ ወር ሲያልፈው የሁለቱም ነጥብ ይወርዳል። ፈራሚው የሚያውቀው ለራሱ ጉዳይ ብድር ሲጠይቅ ነው። ለመፈረም የወሰነ ሰው ቢያንስ የብድሩን የኦንላይን መግቢያ ይያዝ፣ መዘግየት ሲኖር መልእክት በስልኩ እንዲደርሰው ያድርግ፤ ዘመዱ ክሬዲት ሲገነባም ብድሩን ወደ ራሱ ስም ብቻ እንዲያዛውረው ከጅምሩ ይነጋገሩ።

ምክንያቱ ከነዚህ አንዱ ካልሆነ ስህተት ወይም ሌብነት ሊሆን ይችላል። ብድር የተከለከለ ሰው ከአበዳሪው ደብዳቤ ይደርሰዋል። ብዙዎች «አልተፈቀደም» የሚለውን አንብበው ይጥሉታል፤ መጣል የለበትም። ስኮሩ አበዳሪው ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ ከሆነ፣ ደብዳቤው ላይ የትኛው ቢሮ መረጃውን እንደሰጠ፣ ነጥቡ ስንት እንደነበርና ነጥቡን ያወረዱት ዋና ዋና ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። በ60 ቀን ውስጥ ከዚያ ቢሮ ሪፖርቱን በነፃ ማግኘት መብት ነው። ከዚያ ውጭም አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በሚባለው ድረ ገጽ የሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። የሦስቱም ይታይ፤ አበዳሪዎች ለሁሉም ቢሮ እኩል ስለማይናገሩ ስህተቱ አንዱ ጋ ብቻ ሊኖር ይችላል።

ሪፖርቱን ሲያነቡ የእኛ ሰዎች ስማቸውን በተለይ ይመርምሩ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰው ባንክ ላይ በአንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ በሌላ ዓይነት ይመዘገባል። በአንድ ከተማ ተመሳሳይ ስምና የአባት ስም ያላቸው ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። የሁለት ሰዎች መዝገብ የሚቀላቀለው እንዲህ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ያልኖሩበት አድራሻና ያልወሰዱት ብድር ምልክቱ ናቸው። በ1970 በወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ መሠረት ቢሮው ዲስፑት (የስህተት አቤቱታ) ሲቀርብለት በመደበኛው 30 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት፤ ማረጋገጥ ያልቻለውን ማንሳት ወይም ማረም ግዴታው ነው። ማስረጃውን አያይዞ ለቢሮውም ለአበዳሪውም መጻፍ፣ የላኩትንም ቅጂ ማስቀመጥ ይበጃል።

በማያውቁት ብድር ስምዎ ከተገኘ ጉዳዩ የማንነት ስርቆት ነው። በ2017 ኢኩፋክስ ላይ በደረሰው የመረጃ ዝርፊያ 147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተነክተዋል፤ ስለዚህ እኔን ማን ያውቀኛል ማለት አያዋጣም። ከ2018 ጀምሮ መዝገብን በሦስቱም ቢሮዎች ማስቆለፍ በነፃ ነው። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪፖርት አድርጎ ያንን ሰነድ ማንነቱን ከሚያረጋግጥ መረጃ ጋር ለቢሮዎቹ ያቀረበ ሰው፣ የተሰረቀው ብድር በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ ከመዝገቡ እንዲታገድለት ሕጉ ይደነግጋል።

ወደ ተማሪ ብድር ልመለስ። የፌዴራል ተማሪ ብድር ሳይከፈል 270 ቀን ካለፈው ዲፎልት ውስጥ ይገባል፤ በሜይ 2025 መንግሥት በግዴታ ማስከፈሉን እንደገና ጀምሮ ነበር። መውጫው ሪሃቢሊቴሽን ይባላል፦ በአሥር ወር ውስጥ ዘጠኝ በአቅም የተወሰኑ ክፍያዎችን በጊዜ መክፈል። ሲጠናቀቅ ዲፎልት የሚለው ምልክት ከመዝገቡ ይነሳል፤ ቀድሞ የተመዘገቡት መዘግየቶች ግን ይቀራሉ።

ይህ ሁሉ ሰው በራሱ፣ ያለ ክፍያ የሚያደርገው ነው። ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉ ድርጅቶች አገልግሎቱን ሳይፈጽሙ አስቀድመው ገንዘብ መቀበል በ1996ቱ ሕግ ተከልክለዋል። ቅድሚያ ክፍያ የጠየቀ፣ ወይም ትክክለኛ የሆነን መዘግየት በሳምንት አጠፋለሁ ያለ ድርጅት ሲያጋጥም ከበሩ መመለስ ነው።

ቤት ሊገዛ ለተዘጋጀ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ብድር ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ ቢሮዎች ነጥብ መካከለኛውን ይወስዳል። በፌዴራል ቤቶች አስተዳደር (ኤፍኤችኤ) ዋስትና የሚሰጥ ብድር 580 እና ከዚያ በላይ ላለው በ3.5 ከመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይፈቀዳል፤ ከ500 እስከ 579 ያለው 10 ከመቶ ይጠየቃል። የካርድ ዕዳው ተከፍሎ ወይም ስህተቱ ታርሞ መዝገቡ ገና ያልታደሰለት ሰው፣ አበዳሪው ራፒድ ሪስኮር እንዲጠይቅለት ማስረጃውን ይዞ ያናግረው። አዲሱ ነጥብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። ይህን ለቢሮዎቹ የሚያቀርበው አበዳሪው ብቻ ነው፤ ተበዳሪው በራሱ ማመልከት አይችልም።