ሳተላይት የሚለካው፣ በቤታችን ግን የማናየው ጋዝ

ከሰል ሲነድ፣ ሣር ሲቃጠል፣ መኪና ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። ታዲያ ከመሬት 705 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይዞር የነበረ ሳተላይት እንዴት ይለካው ነበር? ተማሪዎች ሲጠይቁን እንዲህ እናስረዳለን።

በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ሙቀት ይሰጣል። መሬትም እንዲሁ ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር ዘወትር ወደ ላይ ትልካለች። በአየር ውስጥ ያሉ አንዳንድ ጋዞች፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ጭምር፣ ከዚህ ጨረር የየራሳቸውን ድርሻ ያስቀራሉ። በሳተላይቱ ላይ የነበረው መሣሪያ የጎደለውን ለክቶ የጋዙን መጠን ያሰላ ነበር። ሌላ ጋዝ እንዳያሳስተውም በውስጡ የታሸገ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለነበረ ከዚያ ጋር ያመሳክር ነበር።

ይህ ዓይነቱ ልኬት እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ሞፒት የተባለው የካናዳ መሣሪያ ቴራ በተባለችው ሳተላይት ተጭኖ ወጣ፤ ከ20 ዓመታት በላይም ሲለካ ቆየ። ጋዙ የሚመጣው ከፋብሪካና ከመኪና ብቻ አለመሆኑ በግልጽ ታየ። በበጋ ወራት በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ በኩል የሚቃጠለው ሣርም ብዙ ያወጣል። ጋዙ በአየር ላይ አንድ ሁለት ወር ስለሚቆይ ነፋስ ባሕር አሻግሮ ይወስደዋል።

ነገር ግን በሞፒት ካርታ ላይ አንዷ ነጥብ በየጎኗ 22 ኪሎ ሜትር ናት። የሞያሌ ከተማ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለው በአንዲት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል። በቦሪ አንድ ጎጆ ውስጥ ያለውን ጋዝ ሳተላይት አይነግረንም። እዚያ ጠባቂው እኛው ነን።

ብዙዎቻችን የከሰሉ ጭስ ካለቀ፣ ፍሙም ከቀላ ጉዳት የለውም እንላለን። ይህ እውነት አይደለም። ጭስ የሌለው ፍም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ደማችን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት ኦክስጂን ያጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ፦
– ከሰል በተዘጋ ቤት ወይም ድንኳን ውስጥ አናንድድ፤ ምግብና ቡና በደጅ እናፍላ።
– ብርድ ቢሆንም ፍም ያለበትን ምድጃ ቤት አስገብተን አንተኛ።
– በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ጋዙን እንጠርጥር። ሁሉንም ፈጥነን ወደ ንጹሕ አየር እናውጣ፤ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው።