የሳተላይት ገላና የኤሌክትሪክ ሙሊት

ሳተላይት የሚዞርበት ሕዋ ባዶ ቢመስልም ኤሌክትሮኖችና አዮኖች ይመላለሱበታል። ኤሌክትሮኖች ከአዮኖች እጅግ ስለሚቀሉ ይፈጥናሉ፤ የሳተላይቱን ገላ በብዛት የሚመቱትም እነርሱ በመሆናቸው ገላው ነጌቲቭ ሙሊት ይሸከማል። ምድር ላይ እንዲህ ያለውን ሙሊት መሬትና እርጥብ አየር ይወስዱታል፤ ሕዋ ላይ ግን መሄጃ የለውም። ክምችቱ ከመጠን ሲያልፍ በበጋ ሌሊት የናይለን ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣውን የመሰለ ብልጭታ ይፈጠራል። የሳተላይቱ ብልጭታ ግን ኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ሊያቃጥል ወይም ኮምፒውተሩን ማንም ያልላከውን ትእዛዝ ሊያስፈጽመው ይችላል።

ችግሩ ከሚበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ምህዋር ነው። በወላይታ ሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ወደ ኢትዮሳት የቴሌቪዥን ስርጭት የተቃኙ ዲሾች ወደ ምሥራቅ ቀና ብለው የሚያዩት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ የቆመውን ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ነው። ኢትዮሳት በዚህ ሳተላይት አገልግሎት የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ፀሐይ የሚያገኘው የሳተላይቱ ጎን በብርሃኑ ጉልበት ኤሌክትሮኖችን ስለሚያስወጣ ሙሊቱ ይቀንሳል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ጎን ግን ማከማቸቱን ይቀጥላል። ወላይታዎች ጊፋታን በሚያከብሩበት በመስከረም፣ እንዲሁም በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ሳተላይቱ በየዕለቱ የምድር ጥላ ውስጥ ይገባል። በ57 ዲግሪ ላይ ላለው ሳተላይት ይህ የሚሆነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ቢበዛ 70 ደቂቃ ያህል ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1969 የመጠቀው የአሜሪካ ኤቲኤስ-5 ሳተላይት ጥላ ውስጥ ሳለ ገላው እስከ 10,000 ቮልት ገደማ መድረሱ ተመዝግቧል። ሆኖም መላው ገላ እኩል ሙሊት ቢይዝ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ብልጭታ የሚወለደው ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች የቮልቴጅ ልዩነት ሲኖራቸው ነው።

መከላከያው ታዲያ ሙሊቱ እንዳይመጣ ማድረግ ሳይሆን በአንድ ቦታ እንዳይቋጠር ማድረግ ነው። የሳተላይቱ ውጫዊ ገጽ በሙሉ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ይለበስና ከብረት አካሉ ጋር ይያያዛል። አስቸጋሪው ነገር ሽፋኑ የእያንዳንዱን ዕቃ ሥራ ሳያውክ ማስተላለፍ ያለበት መሆኑ ነው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳን የሚሸፍነው መስታወት ብርሃን ማሳለፍ ስላለበት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ንብርብር ይቀባል። የአንቴና መከለያ የሬዲዮ ሞገድ ማሳለፍ ስለሚገባው ብረት አይለበስም፤ ከፊል አስተላላፊ የሆነው ጀርማኒየም በካፕተን ፕላስቲክ ላይ ይለበጣል። ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ ማሳለፍ በማያስፈልግበት ቦታ የካርቦን ዱቄት የተቀላቀለበት ጥቁር ካፕተን ይበቃል። ሙቀት ለማስወገድ የሚቀባው ነጭ ቀለምም ሙሊት የሚያሳልፍ ዱቄት ይጨመርበታል። አሉሚኒየምን ከዝገት የሚጠብቀው የተለመደው አኖዳይዝ ሽፋን ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ ግንኙነት በሚያስፈልግበት ገጽ ላይ በስስ የክሮሜት ሽፋን ይተካል።

ሽፋኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከአካሉ ጋር በሽቦ ያልተያያዘ ብረታማ ሽፋን ራሱ ሙሊት ያጠራቅማል፤ ሲለቅም በአንድ ጊዜ ነው። ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ የለበሰው ፕላስቲክ ያለ ጥንቃቄ አይታጠፍም። ስለዚህ የሽፋኑ ናሙናዎች አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ይሞቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ በኤሌክትሮን ጨረር ይደበደባሉ፤ ከዚያም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው እንደገና ይለካል።

በዝቅተኛ ምህዋር ሙሊቱ በአመዛኙ አነስተኛ ቢሆንም፣ በዋልታዎች አካባቢ ኃይለኛ ኤሌክትሮኖች ይወርዳሉ። የጃፓኑ ሚዶሪ-2 ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 ኃይል አጥቶ የጠፋው በ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲዞር ነበር። ምርመራው የኃይል ሽቦዎቹ የተጠቀለሉበት፣ ከአካሉ ጋር ያልተያያዘው የሙቀት መከላከያ ሙሊት አከማችቶ ብልጭታ ሳይፈጥር እንዳልቀረ አመለከተ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የግብርናና የአካባቢ መረጃ ለመሰብሰብ በዋልታዎች አጠገብ ወደሚያልፍ ዝቅተኛ ምህዋር ነበር።

የገጽ ሽፋን የማይመልሰው ጥቃትም አለ። እጅግ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ሽፋኑን በስተው በውስጥ ሽቦዎችና በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ላይ ይከማቻሉ። ለእነዚህ መከላከያው ወፈር ያለ የብረት ሣጥንና ያልተያያዘ ብረት አለመተው ነው።