እናት በሱስ ስትያዝ ልጆቹን ማን ያሳድግ?

ከየአጥቢያው ሽማግሎችና ከፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ። አንዲት እናት ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ በታዘዘላት መድኃኒት ጀምራ በሱስ ተይዛለች፤ ባልዋ ፍቺ ጠይቆ «ልጆቹን እኔ ላሳድግ» ብሏል፤ የችሎቱ ቀጠሮ ደርሷል። ምን እናድርግላት? የሚል ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ነገር ሲደረግ እናያለን። አንደኛው፣ ወዳጆችዋ «ምንም አትወስድም» ብለው ሊመሰክሩላት ይስማማሉ። ሁለተኛው፣ ከቀጠሮው በፊት እንዲለቃት ብለው ቤት ዘግተው ያስቀምጧታል። ሁለቱም ከፍቅር የመነጩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም እርሷንም ልጆችዋንም ይጎዳሉ።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ እንናገር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራበታል፤ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። የዚህ ሕግ አንቀጽ 113 እንደሚለው፣ ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 የልጆች ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ አባቱ ልውሰድ ባለ ጊዜ፣ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ለአክስቱ ወስኗል። እንግዲህ ዳኛው የሚጠይቀው «ይህች ሴት ኃጢአተኛ ናት ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ልጅ በማን እጅ በደኅና ያድጋል?» ብሎ ነው።

ስለዚህ ሱሱን መደበቅ አይረዳትም። በሐሰት መመስከር ወንጀል ነው፤ ሐሰቱ ሲገለጥም እርሷ የምትናገረው እውነት እንኳ ሳይታመን ይቀራል። ሕክምና የጀመረች፣ ቀጠሮዋን የምትጠብቅ፣ ይህንንም በሐኪም ማስረጃ የምታሳይ እናት ግን ለችሎቱ የምታቀርበው ነገር አላት።

ቀጥሎ ስለ ሰውነት። መጠጥን ወይም እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎችን አብዝቶና ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያሉትን የለመደ ሰው ደግሞ ሲያቆም ጽኑ ሕመም፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል። ሳምንታት ቆይቶ ወደ ቀድሞው መጠን ቢመለስ፣ ሰውነቱ ለምዱን ስላጣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በመሆኑም በር መዝጋት ሕክምና አይደለም። መድኃኒቱ በሐኪም ቁጥጥር ቀስ በቀስ ይቀነስ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕሙማንን ያክማል፤ በሌላ ስፍራ ያላችሁ ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የወደቀ ሰው ደግሞ ቢወድቅ ሕክምናው ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ሐኪም ስትሄድ አንዲት እኅት አብራት ትሂድ። መድኃኒቱ ልጆች በማይደርሱበት ይቆለፍ። እርሷ እስክትጸና ድረስ አያት ወይም አክስት ልጆቹን ቢያቆዩላት መልካም ነው። ልጆቹን «እናትህን ትወዳለህ ወይስ አባትህን?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በሁለቱ መካከልም መልእክተኛ አታድርጓቸው። አባትየውንም እንደ ጠላት አትዩት፤ ፍርሃቱ ከእውነት የመነጨ ሊሆን ይችላልና። ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ምናልባት ፍርዱ በዚህ ጊዜ ለአባትየው ይሆናል። ያን ቀን ብቻዋን አትተዉአት፤ ለብዙዎች ወደ ሱሱ የመመለሻው ሰዓት ይህ ነውና። ሁኔታው ሲለወጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ሕጉ ይፈቅዳል። እስከዚያው ልጆችዋን የምታይበት ቀን ይወሰንላት፤ በዚያም ቀን ሳትዘገይ፣ አእምሮዋም ንጹሕ ሆኖ ትገኝ። ለልጁ ከሽማግሎች ምስክርነት ይልቅ የሚበልጥበት፣ በተባለው ቀን በር ላይ የምትቆም እናቱ ናት።